እሳትን የሚያዘው አንበሳ

ሰዎች ሮኬት ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፉበት አንድ ሜዳ ነበር። ዙሪያውን ለዱር አራዊት የተከለለ ጫካ ነው። ሮኬቱን ፈርቶ ሰው ስለማይጠጋው፣ በጫካው ውስጥ የሚያድን የለም፣ ዛፍ የሚቆርጥም የለም። አንበሳው ባይኖር ኖሮ ሰላም ነበር ማለት ይቻል ነበር።

አንበሳው የሚገዛው በጥርሱ ብቻ አልነበረም። ሜዳው ላይ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮኽና ጥበቃዎቹ በመኪና ሲሸሹ፣ አጥር ሥር የሚያደፍጠው አማካሪው አያ ጅቦ ሮጦ ይነግረዋል። አንበሳው ጉብታ ላይ ወጥቶ ያገሳል። ወዲያው ምድር ይንቀጠቀጣል፣ እሳትም ሽቅብ ይወጣል። አራዊቱ አንበሳው ያዘዘው እሳት ነው ብለው መሬት ይስማሉ። ከዚያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጌታችን ስለ እናንተ ደክሟልና ግብር ይግባ ይላል። ግብሩ አንድ ግልገል ነው። አጥንቱ ለማን እንደሚደርስ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

በዚህ ጊዜ ተራው የእመት ምዳቋ ነበር። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ገና ጡት አልጣለም። ፈርታለች፣ ከፍርሃቷ በላይ ደግሞ ተናዳለች።

ያን ሰሞን ባሕር ተሻግራ የመጣች ሽመላ ጫካውን ልትጎበኝ አረፈች። አራዊቱ አንበሳው ፊት በተሰበሰቡበት ጉባኤ መሃል፣ ምን እንደማይነገር ሳታውቅ፣ እንዲህ ያለውን እሳት በሌላ አገርም እንዳየችው፣ የሚያወጡትም ሰዎች እንደሆኑ፣ እዚያ አንበሳ የሚባል ነገር እንኳ እንደሌለ አወራች። ጅቦ የውጭ ወሬ ነው፣ ምላሷ ይቆረጥ አለ። አንበሳውም ጥፍሩን አወጣ።

ይሄኔ እመት ምዳቋ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ጌታችን ሆይ፣ የእንግዳዋን አፍ የምንዘጋበት መላ አለኝ» አለች። «እስከ ዛሬ እሳቱን ከሩቅ ነው ያዘዙት። አሁን ከሥሩ ተቀምጠው ይዘዙት። እሷም አይታ ለአገሯ ታውራ። ልጄን ያኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

አራዊቱ በእልልታ ደገፏት።

አንበሳው ጅቦን አየ። ጅቦ መሬቱን አየ። እሳቱ የእኔ አይደለም እንዳይል ዙፋኑ አሳሳው፤ እሺ እንዳይል ቆዳው አሳሳው። ያን ሁሉ እልልታ ሰምቶ እምቢ የሚል ሹም ደግሞ እኔ አላየሁም። ሳይረኑ ሲጮኽ ደረቱን ነፍቶ በአጥሩ ቀዳዳ ገባ።

እሳቱ ሽቅብ ወጣ፤ ጭሱም ጫካውን ሁሉ ሸፈነው። ጭሱ ሲገፈፍ አንበሳው የለም። ይሽሽ፣ ይቃጠል፣ ከሮኬቱ ጋር አብሮ ይውጣ፣ ያወቀ የለም።

ጅቦ ግን አልደነገጠም፤ የእሱ ቢጤ መቼ ይደነግጣል! ጉብታው ላይ ወጥቶ፣ ጌታችን ሰማይ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ሁላችንንም ከላይ ያየናል፣ ግብሩም እንደ ወትሮው በእኔ በኩል ይግባ አለ። ከአራዊቱ ግማሾቹ መሬት ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

እመት ምዳቋ ግልገሏን አስከትላ ቀረበች።

«አያ ጅቦ፣ ልጄ ይኸው» አለችው። «ግን ጌታችን ሰማይ ላይ ሳሉ ግብሩን ማን ያደርስላቸዋል? ከእርስዎ የቀረበ ታማኝ የላቸውም። የሚቀጥለው እሳት ሊወጣ ሲል ይዘውላቸው ይሂዱ። እስከ አጥሩ እኛ እንሸኝዎታለን።»

ጎንበስ ያሉት ቀና አሉ። ጎሾቹ ለጅቦ መንገድ ለቀቁለት፤ የለቀቁት ወደ አጥሩ የሚወስደውን ብቻ ነው።

ጅቦ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ ጌታችን ሲነሣ ግብሩን ለሁላችሁም ምሬያለሁ ብሎኝ ነበር፣ በግርግሩ ረስቼው ነው አለ።