ደግ ሰው የነገራት ወሬ

አንድ ሰው ነበረ። ደግ ሰው ነበረ፤ ደግነቱን ጠላቱም አይክድም።

ቁጭ በይ ስንዱ፤ ለጥያቄሽ ነው የምመልስልሽ። ማኅበራችን ለበጎ ፈቃደኞች ባወጣው መመሪያ ተቆጥተሽ መጣሽ። የወታደር እናት «ልጄ በሕይወት አለ ወይ?» ብላ ስትጠይቅሽ፣ የተረጋገጠ ነገር እስኪመጣ ድረስ «አላውቅም» በይ ይልሻል። አንዲት አሮጊት ከፊቴ እያለቀሰች ይህን ማለት ጭካኔ አይደለም ወይ፣ አይዞዎት ደኅና ነው ብላት ማንን እጎዳለሁ አልሽኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለሽም ተረትሽብኝ። ይሁን፤ ከሽማግሌ ጋር መቀለድ ድሮም ያምርብሻል። አሁን ግን ስሚኝ።

ይህ ሰው ልብስ ሰፊ ነበረ። እሑድ እሑድ የስፌት መኪናውን ከድኖ፣ እንደኛ ያለ ማኅበር እየላከው የወታደር ቤተሰብ ይጠይቃል። ዱቄት ያደርሳል፣ የሚያፈስ ጣራ ይደፍናል፣ የታመመ ደግፎ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ከሚጠይቃቸው አንዷ ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ደመላሽ ይባላል፤ እሱም ግንባር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሰውየው በገባ ቁጥር ያመጣውን እንኳ ሳታይ «ምን ሰማህ?» ትለዋለች። እሱም እንደታዘዘው፣ ማኅበሩ እያጠያየቀ ነው እማማ፣ እስካሁን ያወቅነው የለም ይላታል። ይህን ብሎ በወጣ ቁጥር አንጀቱ እያረረ ይሄዳል። ሰው ነዋ።

አንድ እሑድ ሲመጣ ተኝታ አገኛት። እህል ካፏ ከገባ ሰንብቷል፤ ጎረቤቶቿ ቢለምኗትም እንቢ ብላለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ያንኑ ጠየቀችው። ሰውየው ሆዱ ባባ፤ አንጀቱ አልችል አለ። ደስ ይበልዎት እማማ፣ ደመላሽ ተገኝቷል፣ በስልክ አነጋግረውታል፣ ደኅና ነው አላት።

ተነሣች። እንጀራ አምጡልኝ አለች፤ ቀረበላት፤ በላች። ሰውየውን አገላብጣ ስማ መረቀችው። እሱም ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ነፍስ አዳንኩ እንጂ ምን አጠፋሁ እያለ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ብኖር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ወሬው ውሸት ቢሆንም መብላቷ እኮ እውነት ነው።

ነገር ግን ውሸት አንድ ሆና አትቀርም። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከስቷል ወይ፣ የሚለብሰው አለው ወይ፣ ለፋሲካስ ይመጣ ይሆን ብላ ጠየቀችው። ወፍሯል አላት። የሚለብሰው አለው አላት። አለቃው ከፈቀደለት ይመጣል አላት። እሷም ለመምጫው ጌሾ ወቀጠች፤ ቤቷን በጭቃ አስመረገች፤ የሚተኛበትን መደብ አሳመረች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ልብስ ሰፊው ግን እያደር የሚሸሽበት ጠፋው። ከእሷ ቤት ሲወጣ የሚሰማው ደስታ ቀርቶ ፍርሃት ሆነ።

ከዚያ የተረጋገጠው ወሬ ለማኅበሩ መጣ። ደመላሽ ሞቷል፤ የሞተበትም ቀን አብሮ ተጽፏል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይናገረውም። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቅና፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የነፍስ አባት፣ የዕድር ዳኛ፣ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚደግፉ ሴቶች አብረው ይገባሉ። አንቺ ነገረኛዋ፣ «እኛስ ራሳችን ወሬ እንደብቅ የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። እንደብቃለን። የምንደብቀው ግን አብሯት የሚያለቅስ ሰው እስኪደርስ ነው። መርዶውን በጉያችን ይዘን «ልጅሽ አለ» አንላትም።

ሰዎቹ በማለዳ ገቡ። ልብስ ሰፊው አሞኛል ብሎ ቀረ። ሲነግሯት አልጮኸችም። የእያንዳንዳቸውን ፊት አየች፤ ከዚያ አዘነችላቸው። «ተሳስታችኋል» አለቻቸው። «የኔ ልጅ ባለፈው እሑድ ሰላምታ ልኮልኛል። ይሄ የሌላ ሴት ልጅ ነው። ሂዱና ለእናቱ ንገሯት፤ ምስኪን፣ ምንም ሳታውቅ ተቀምጣ ይሆናል።»

ቢሏት ቢሠሯት አልሰማ አለች። ድንኳኑ ተተከለ፤ ፍትሐቱ ተደረገ። አገር መጥቶ አለቀሰ። አብሮ አደጎቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር እያሉ ሙሾ አወረዱለት። እሷ ግን ጥቁር አልለበሰችም፣ መሬት አልተቀመጠችም። ለልቅሶ የመጣውን ሰው እንደ ድግስ እንግዳ ግቡ፣ ቅመሱ ትል ነበር። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ልቅሶው ባሰባቸው። ሣልስቱ ወጣ፤ ድንኳኑ ተነሣ፤ አርባውም አለፈ። ሰዉ እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷም ጠላዋን ጠንስሳ በር በሩን ታይ ጀመር። አበደች ያሉም ነበሩ። አላበደችም። በችግሯ ጊዜ ያልተለያትን ሰው ነው ያመነችው፤ እሱን ትታ ማንን ትመን?

ልብስ ሰፊው ደጇን መርገጥ ትቷል፤ ይህን ሁሉ ግን ይሰማል። ማኅበሩ ሌላ ሰው ቢልክላት እሱን ካላመጣችሁ አለች። የፋሲካ ሰሞን ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣና ከደጇ ተደፋ። የነገርኩዎት ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት ነው አላት። ስልክም አልነበረም፣ ሰላምታም አልነበረም፣ ያየሁትም የሰማሁትም የለም አላት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ያን ቀን፣ እንጀራውን ስበላ፣ ልጄ ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር እማማ» አላት።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደችለት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ከደጅ ድንኳኑ ተተክሎበት ከነበረው ቦታ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ግራ ቀኟን አየች፤ ማንም የለም።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «አሁን ግን ከማን ጋር ላልቅስ?»

ሰውየው ከጎኗ ተቀምጦ አለቀሰ። ግን ደመላሽን አያውቀውም። ቁመቱን አያውቅ፣ ሳቁን አያውቅ፤ እንዲህ ነበር ብሎ አንድ ቃል ሊያነሣላት አልቻለም። የሚያውቁት ሁሉ አልቅሰው ጨርሰዋል።

ያ ሰው አንቺን ይመስላል ስንዱ፤ ደግነትሽም የእሱን። የተራበ ሰው ከራስሽ ሞሰብ ታበያለሽ እንጂ የጎረቤት ጎተራ ሰብረሽ አታበይም። ጉልበትሽ ያንቺ ነው፣ እሑድሽ ያንቺ ነው፣ እንባሽም ያንቺ ነው፤ እሱን ስጪ። የልጇ ወሬ ግን ክፉም ሆነ ደግ የእሷ ነው፤ ከእሷ ወስደሽ ለእሷ ልትሰጪ አትችይም። ደግሞም ልብስ ሰፊው እሷን ያሳረፈ መሰለው እንጂ ያሳረፈው የራሱን አንጀት ነው። ማየቱ ስለ ከበደው ዋሸ። እኛ «አላውቅም» በይ ስንል፣ ብለሽ ውጪ አላልንሽም። አላውቅም ብለሽ አብረሻት ቁጭ በይ ነው ያልንሽ፤ ጭንቁም እሱ ነው። ጭካኔ ነው ወይ ላልሽኝ፣ መልሴ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። ያቺ የምትጠይቂያት እናት፣ ደኅና ነው ብለሻታል?

ፊትሽን ከኔ አዞርሽ። እንግዲያው ነግረሻታል።

አልቆጣሽም፤ አታልቅሺ። ነጠላሽን አንሺና ዛሬውኑ እንሂድ። እውነቱን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ፤ እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ስለ ልጇ ገና የመጣ ወሬ የለም፣ ጎረቤቶቿም ቤታቸው ናቸው። ብታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ ሰው አለ።