ጡሩምባውና ሦስቱ ሶፍትዌር ሻጮች

በአንድ ወቅት፣ ጡሩምባ ፎቅ መውጣት ባቃተው ዘመን፣ አሰላ ከተማ ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ያለበት እድር ነበር። የእድሩ ዳኛ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ሲስቁ የተቀመጡበት ወንበር አብሮ የሚስቅ፣ ሲቆጡ ድንኳን ተካዮቹ ካስማቸውን ጥለው የሚሮጡ ሴት ናቸው።

ታዲያ ከጥቂቶች በቀር አባላቱ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ገቡና ነገር ተበላሸ። አንድ ቀን የአስካለ አክስት እትዬ የሺመቤት አረፉ። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ደጀኔ ከታች ሆነው ጉንጫቸው እስኪያብጥ ነፉ፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ምን ይስማ! በሰው ቀብር ስንት ጫማ የጨረሱት የሺመቤት በአሥራ አንድ ሰው ተቀበሩ። አሥራ አንድ! ያውም ቄሶቹ ተቆጥረው።

«ከእንግዲህ በዚህ እድር ሰው እንዲህ አይቀበርም» ብለው አስካለ መቃብሩ ራስጌ ማሉ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ የእድሩ ጸሐፊ፣ መርዶ በስልክ የሚያደርስ ያለቀለት ሶፍትዌር ይገዛ አለ።

«ያለቀለት ማለት ምንድን ነው?» አሉ አስካለ።

«እንደ ሱቅ ልብስ ነው እትዬ። በእርስዎ ልክ አልተሰፋም፤ ተሰፍቶ ተሰቅሎ ነው የሚጠብቅዎት።»

«እንግዲያው ለብሼ ሳላየው አልገዛም!»

ሦስት ሻጮች መጡ። ዋጋቸው ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳምንት የሙከራ ጊዜ ተሰጣቸው።

የመጀመሪያው ምንተስኖት ነው፤ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አፉ የማያርፍ። «የእኔ ዕቃ ከጡሩምባ ይቀድማል፤ ለሙከራ አምስት ስልክ ስጡኝ» አለ። ጸሐፊው ግን ለእንግዳ ጎደሎ መዝገብ መስጠት ነውር መስሎት ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ከነስልካቸው ሰጠው። ለሙከራው ደግሞ ሟች ያስፈልጋል። ምንተስኖት ከመዝገቡ ተራ ቁጥር አንድን መረጠና ቁልፉን ተጫነ። በእድር መዝገብ ተራ ቁጥር አንድ ዳኛዋ መሆናቸውን በምን ይወቅ?

አስካለ በዚያን ሰዓት ወፍጮ ቤት ናቸው። ወፍጮው ሲያጓራ የስልካቸው ድምፅ አልተሰማቸውም። ዱቄታቸውን በጋሪ አስጭነው ሲመለሱ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ጢም ብሏል። «ኧረ ማን ሞተብኝ!» እያሉ፣ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ዱቄት እንደለበሱ፣ ነጭ ሆነው ዘው አሉ። አቤት ያን ጊዜ! ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ በድንኳኑ ጓሮ ሾለከ። መሃል ላይ ጽጌ ደረቷን ትደቃለች። በአጥር ተጣልታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለቻቸው ጎረቤታቸው ናት።

«አስኩዬ፣ ሳንታረቅ ሄድሽ!»

«ጽጌ፣ ማንን ነው የምታለቅሺው?»

«አስካለን!»

«እና እኔ ማነኝ?»

ጽጌ ቀና ብላ አየችና ዝርግት አለች። በውሃ ስትነቃ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ የሁለት ዓመቱ ጠብ እዚያው ቀረ። ቤኮጂ ያለች እህታቸው ግን መርዶው ደርሷት፣ ደሟ ከፍ ብሎ፣ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛች። ምንተስኖት አልሸሸም። ድንኳኑ መሃል ቆሞ «የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ቀጥሎ ግን «ሰዓታችሁን እዩ፤ በአርባ ደቂቃ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው» አለ። አስካለ ዱቄታቸውን እያራገፉ ሰውን ዞር ዞር ብለው አዩ። እውነቱን ነው።

ሁለተኛዋ ሳምራዊት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ያለችውን ግን የማታጥፍ። «የእኔ ዕቃ ሰው በቁሙ አይገድልም። ሁለት የኮሚቴ ሰዎች በየስልካቸው ካላረጋገጡ አንድ ፊደል አይወጣም» አለች። አስካለ ጨበጨቡላት። እነሆ ሐሙስ ጠዋት አቶ ጉደታ አረፉ፤ የምራቸውን። አስካለ የሟቹን ዐይን በእጃቸው ከድነው ስልካቸው ላይ አረጋገጡ። ከእሳቸው ሌላ የተመዘገበው ምስክር ጸሐፊው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኔትወርክ ወደሌለበት ገጠር ወርዷል። አስካለ ለሳምራዊት ደወሉ።

«ልጄ፣ ሰውየው ሞቷል! ዐይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ! ልቀቂው!»

«መልቀቅ እችላለሁ እትዬ። ግን ለእርስዎ ዛሬ ብለቅ፣ ነገ ሌላውን በምን አፌ እከለክለዋለሁ? እርስዎም የተገደሉት በአንድ ሰው ጣት ነው።»

ሳምራዊት አልለቀቀችም። ጋሽ ደጀኔ ከታች ነፉ፤ አስካለ ስልካቸው እስኪዘጋ ለሰው ደወሉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጸሐፊው መንገድ ላይ ኔትወርክ አግኝቶ መርዶው ሲወጣ አሥር ተኩል ሆኗል። አቶ ጉደታ በአሥራ አራት ሰው ተቀበሩ። አስካለ በመቃብሩ ራስጌ መሐላቸውን አስታውሰው ቀና ማለት አቃታቸው።

ሦስተኛው ቶፊቅ ነው፤ ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ሁሉን «እናቴ፣ አባቴ» የሚል። በሳምንቱ ማክሰኞ ማለዳ ወይዘሮ ብርቄ አረፉ። ቶፊቅ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ነጭ ብቻ። አጠፋው፣ አበራው፤ አሁንም ነጭ። አስካለ ራሳቸውን ያዙ።

«እናቴ፣ ዕቃዬ ታሟል፤ እኔ ግን ደህና ነኝ» አለ። ከረባቱን ፈታ፣ ጡሩምባውን ከጋሽ ደጀኔ እጅ መንጭቆ ባጃጅ ውስጥ ገባ። አስካለ ተከትለው ሲደርሱ ያዩትን ማመን አቃታቸው፤ ከረባት አስሮ የመጣው ነጋዴ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይነፋል! በር ያንኳኳል፣ ስም ይጠራል፣ ይወርዳል፣ ሌላ ደረጃ ይወጣል። ስልክ የሌላቸው ዐይነ ስውር አዛውንት እንኳ አልቀሩትም። ሁለት መቶ ስድሳ ሰው ለቀብር ወጣ። ሶፍትዌሩ ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ አልነቃም።

«እስኪሻለው እዚሁ ነኝ፤ ጥያችሁ አልሄድም» አለ ቶፊቅ።

ጽጌ ጣልቃ ገባች። «አንተ ራስህ የታመምክ ቀን ፎቁን ማን ይወጣልናል?»

ቶፊቅ ላቡን ጠረገ።

ኮሚቴው ለውሳኔ ተቀመጠ። ሁለቱ «ምንተስኖት! በሕይወት ያለ ሰው ይቅርታ ይጠየቃል፣ ለቀስተኛ ሳይወጣለት የተቀበረ ግን አይጠየቅም» አሉ። ሁለቱ «ሳምራዊት! ምስክር መጨመር የእኛ ሥራ ነበር፤ ዕቃዋ አልዋሸም» አሉ። ሁለቱ «ቶፊቅ! ዕቃ ይጠገናል፣ ሰው ከየት ይገዛል?» አሉ። የግዢ ውሉን የሚያጸድቀው ማኅተም አስካለ ዘንድ ቀረ።

ወይዘሮ አስካለ ማኅተሙን እፍ አሉበት። በአንድ ጆሮአቸው የገዛ ለቅሷቸው ይሰማቸዋል፤ በሌላው የእህታቸው ጩኸት። ፊታቸው የአቶ ጉደታ ባዶ ቀብር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ደረጃ ላይ የሚያለከልክ ሰው። ሦስቱ ሻጮች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እጃቸው ከወረቀቱ በላይ ቀረ።

በሉ እንግዲህ፣ ለመጨቃጨቅ ጉሮሯችሁን ጥረጉ። ነገ መርዶው የእናንተ ቤት ቢሆን፣ ማኅተሙ የሚገባው ለማን ነው?