ከክሩ ሥር የገባች ክብሪት

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ራሷ «ታሪኩን ንገር፣ ስሜን ግን ተው» ብላኛለች። ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ሰንበት ትምህርት ቤት በገና ታስተምራለች። ስትደረድር ሰምቻታለሁ፤ ሆድ ታባባለች።

ይህች ሴት አንድ ቀን በስልኳ የጃፓኖችን ባህላዊ መሣሪያ አየች። ሻሚሴን ይሉታል። ክሩ ሦስት፣ አንገቱ ረጅም፣ ሆዱ እንደ ክራር በቆዳ የተለበጠ ነው። ወደደችው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም። ቴሌግራም ላይ ያገለገሉ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ግሩፕ ገብታ ስትፈልግ፣ ዕድሏ ሆኖ አዲስ አበባ አንድ ተገኘ። ሻጩ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጃፓን ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። አሁን ሪህ ጣታቸውን ስለያዘው፣ «የሚጫወትበት ሰው እጅ ይግባ» ብለው ነው የሚሸጡት።

ከፎቶው ሥር ምን ብለው ጻፉ? «ቆዳው አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ወፍራሙ ክር ሲመታ ይነዝራል፤ ሲሠራም እንዲነዝር ሆኖ ነው።» አነበበችው? እናንተስ ብትሆኑ ታነቡት ነበር? ፎቶውን ነው ያየችው። ገዛችው፣ በአውቶቡስ ተላከላት።

ከፈተችና መታችው። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ደህና ናቸው። ወፍራሙ ግን ዝዝዝ ይላል። ቀረብ ብላ ስታይ፣ ሁለቱ ክሮች አንገቱ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ብረት ላይ ተደግፈዋል፤ ወፍራሙ ከብረቷ ውጪ ሆኖ እንጨቱን ይነካል። «አሃ፣ ተበላሽቷል» አለች። ክብሪት ሰበረችና ከክሩ ሥር ሸጎጠች። መንዘሩ ቆመ። ድምፁም አብሮ ሞተ፤ ጣውላ እንደ መምታት ሆነ።

ያኔ ተናደደች። በዚያው ግሩፕ ስማቸውን ጠርታ፣ «ተጠንቀቁ፤ አጭበርባሪ ናቸው፤ የተበላሸ ሸጠውልኛል» ብላ ጻፈች። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ሁለት ሺህ ሰው አነበበው። ሰባ ዓመት ያለ ነቀፋ የኖሩበት ስም በአንድ ከሰዓት ጭቃ ነካው።

እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ? አሥር መስመር ስድብ መልሼ፣ አሥራ አንደኛውን አስብ ነበር። እሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም። በማግስቱ ተሳፍረው ደብረ ብርሃን ወረዱ፤ ቤቷን አጠያይቀው አገኙ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሪህ።

በሩን ከፍታ ማንነታቸውን ሲነግሯት ደነገጠች።

«ልጄ፣ ልጣላሽ አልመጣሁም» አሏት። «ገንዘብሽንም ይዣለሁ። ግን መጀመሪያ እስቲ ልየው።»

ሰጠቻቸው። ክብሪቷን አዩ። ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ በገና ተሰቅሏል።

«ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ደርድሪልኝ።»

ግራ እየገባት አውርዳ ደረደረች። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስትጨርስ፣ «ግሩም ነው» አሉ። «ግን ይነዝራል። ተበላሽቶ ነው?»

ሳቀች። «ጋሼ፣ በገና እኮ ነው። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ትባላለች። እሷ ናት የምታስነዝረው። እሷን ካወጡማ ምኑን በገና…»

አልጨረሰችውም። ክብሪቷ ላይ ዓይኗ አረፈ። እጇ ራሱ ሄዶ አወጣት። ከዚያ ውኃ እንኳ ሳታቀርብላቸው ስልኳን አንስታ፣ በዚያው ግሩፕ፣ ለእነዚያው ሁለት ሺህ ሰዎች ጻፈች፤ «ጋሽ ወንድይፍራው እውነተኛ ሰው ናቸው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።»

አነበቡት። «በይ አሁን ወፍራሙን ምቺልኝ» አሉ። «ጣቴ እምቢ ካለኝ አራት ዓመቴ ነው፤ ድምፁ ናፍቆኛል።» መታችው። ነዘረ። ሽማግሌው አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ እኔ በሁለቱም እቀናለሁ። ተሰድቦ ለማስረዳት ብቻ ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ማን ነው? በአደባባይ አጥፍቶ በዚያው አደባባይ «እኔ ነኝ» የሚልስ? እኛማ በአደባባይ ሰድበን በጆሮ ነው ይቅርታ የምንጠይቀው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የተሳሳተችው በገና የማታውቅ ሰው አልነበረችም። ዕድሜዋን ሙሉ በሚነዝር ድምፅ ስትጸልይ የኖረች ሴት ናት። የራሷ ሲነዝር ጸሎት ነው፤ የሰው ሲነዝር ብልሽት ሆነባት።

እኛስ? ልጃችን ሲሟገት «ጎበዝ ነው፣ ይጠይቃል» እንላለን። የጎረቤት ልጅ ሲሟገትስ? «ያልተቀጣ!» እኛ በጸሎት ስናለቅስ ልባችን ተነክቶ ነው፤ አጠገባችን ያለችው ስታለቅስ ታይታ ወዳ ነው። አትሳቁ፤ እኔም አለሁበት።

አሁን ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እዚያ ቤት ድሮ ብዙ የሚያወራ፣ አሁን ግን ዝም ያለ ሰው አለ? ባል፣ ሚስት፣ እናት? «ምን ነካው?» አትበሉ። ከክሩ ሥር ክብሪት የሸጎጣችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። ገብታችሁ በእጃችሁ አውጡለት፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።