የአቶ ዘርጋው ሳሙና

አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ልብስ አጣቢ ሴቶችን «የደንበኛ ልብስ ለብሰው ሰርግ የሚሄዱ ሌቦች» እያለ በየማለዳው ይሰድባቸው ጀመር። ሴቶቹም ተመካከሩና የፕሮግራሙን ስፖንሰር ሳሙና መግዛት አቆሙ። ሳሙናው መጋዘን ሙሉ ተከመረ።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ዘርጋው ተቆጥተው ሴቶቹ የሚያጥቡበት ወንዝ ድረስ ወረዱ።

«እኔ ማስታወቂያ ከማስነገር በቀር ምን አጠፋሁ? ሳሙናዬ የማያስለቅቀው እድፍ የለም! ጉድለት አለው የምትል ካለች ትናገርና በስም ማጥፋት ልክሰሳት!»

አንዷ አጣቢ እጇን ከአረፋው አወጣች።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኛ ምን ብለን ስም እናጠፋለን? ብቻ ያ አቅራቢ ሳሙናዎን ጠዋት ማታ ከአፉ አይነጥለውም፤ አፉ ግን ይኸው እስካሁን አልጸዳም። ታዲያ የሰው ልብስ እንዴት አምነን እንስጠው?»