ትከሻው ላይ የቀረው እጅ

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ ዘመዱ ናችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ አምልኮው ሳያልቅ ልታዩት ትሄዳላችሁ። ይርጋለም ነው የሚኖረው። ልጆቹን በወግ ያሳደገ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። እንደ እናንተ። እንደ እኔም።

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አባት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናት በግራው፣ ወንዶቹ ልጆች ከኋላው። በቀኙ በኩል ግን ቀዳዳ ነው ያለው። ከራስ እስከ እግር በምላጭ የተቆረጠ፣ የሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ። በዚያ በኩል የሚታየው የፍሬሙ ካርቶን ብቻ ነው።

እዚያ ቆማ የነበረችው ሴት ልጁ ስንዱ ናት፤ ፎቶውን ሲነሱ ገና ልጅ ነበረች። ስንዱ ምን በደለች? በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ቆሞ በአባቷ ላይ የመሰከረውን ሰው ልጅ አገባች። በቃ፣ በደሏ ይኸው ነው። አባት «ከዛሬ ጀምሮ ሴት ልጅ የለኝም» አለ። ፎቶውን ከግድግዳ አወረደ፣ ከፍሬሙ አወጣ፣ ምላጭ አነሳና ቆረጠ። ከቆረጠ በኋላስ ምን አደረገ? ደበቀው? አልደበቀውም! መልሶ ሰቀለው። እንግዳ ሁሉ ይየው ብሎ መልሶ ሰቀለው።

ወገኖቼ፣ እኛ እንዲህ ነን። ኃጢአታችንን እንደብቃለን፣ ቂማችንን ግን ሳሎን እንሰቅላለን። «ግቡና እዩልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለሁ ቆራጥ ነኝ» እንላለን። አሁን አሜን አትበሉ፤ ገና አልጨረስኩም።

ዓመታት አለፉ። ስንዱ ወለደች፣ አባቷ አልጠየቃትም። ታመመች፣ አልጠየቃትም። ሽማግሌዎች ተነሡ። አንድ ጊዜ መጡ፣ አባረራቸው። ደግመው መጡ፣ ዝም አላቸው። በመጨረሻ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ «እሺ፣ ትምጣ» አለ። «እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይዘናት እንመጣለን» ተባባሉና ተለያዩ።

ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ ቀና ቢል ምን አየ? ቀዳዳውን። ያን ሁሉ ዓመት የኮራበት ቀዳዳ ዛሬ አስደነገጠው። ስንዱ ስለ ፎቶው አታውቅም። ማን ደፍሮ ይነግራታል? አሁን ግን በዚያ በር ልትገባ ነው፤ ገብታም ልታየው ነው።

«አንቺ፣ ይሄን ነገር አውርጂው» አለ ሚስቱን።

«የሰቀልከው አንተ፣ የማወርደው እኔ?» አለችው። «ደግሞስ ልጄ ቤቷ ስትገባ ከወንድሞቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ የት አደረሳችሁት ብትል ምን ልበላት?»

ፎቶውን በነጠላ ጠቅልሎ፣ የስንዱ የሠርግ ፎቶዎች ያሉበትን የሚስቱን ስልክ ይዞ ፎቶ ቤት ሄደ።

ፎቶ ቤቱን የምትሠራው ትርሲት የምትባል ሴት ናት። እጇ የተባረከ ነው፤ አፏ ግን አያርፍም። ነጠላውን ገለጠችና «ውይ ጋሼ! ምን አገኘው?» አለች።

«አይጥ በላው» አለ። ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ሰውዬ!

«እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚበላ አይጥ? ይሄማ ልብስ ስፌት የተማረ አይጥ ነው!» አለችና ሥራዋን ጀመረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ወጣቶቹ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባቸዋለች። ከዚያ አልጋ እንደምታነጥፉት ነው፤ አንሶላ ታደርጋላችሁ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ በላዩ የአልጋ ልብስ። እሷም ፎቶ በፎቶ ላይ ታነጥፋለች። ሌየር ይሉታል። እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ ከላይ ሲታይ ግን አንድ ፎቶ ይሆናል።

የድሮውን ፎቶ አነጠፈች። የሠርጉን ስንዱን ቆርጣ ከላዩ ጫነቻት። አልሆነም። ብርሃኑ በሌላ በኩል ይመጣል፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ያያል። ሌላ ፎቶ ሞከረች። እሱም አልሆነም። አባት ራሱ «እንደ ምርጫ ፖስተር ተለጠፈች እኮ!» አለ።

ትርሲት የጫነችውን ሁሉ አነሳችና የድሮውን ፎቶ አጎላችው። በጣም አጎላችው። ከዚያ ያ የማያርፍ አፍ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?»

«የቱ እጅ?»

«ትከሻዎ ላይ ያለው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። በቀኝ ትከሻው ላይ፣ በኮቱ ላይ፣ ትንሽ የልጅ እጅ አለች። ስንዱ ያኔ ስትነሳ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ነበር። ምላጩ ራሷን ቆርጧል፣ ቀሚሷን ቆርጧል፣ እግሯን ቆርጧል፤ የእጇ አንጓ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ለምን ቆመ? ከዚያ ካለፈ የሚቆርጠው የራሱን ትከሻ ነዋ! ሴት ልጅ የለኝም እያለ በኖረበት ዘመን ሁሉ የልጁ እጅ ትከሻው ላይ ነበር። በየቀኑ እያየ አላየውም።

ትርሲት ቀስ ብላ ነገረችው። «ለዚህ እጅ ክንድ ያስፈልገዋል፣ ጋሼ። ስልኩ ላይ እጇን ያነሳችበት ፎቶ የለም። ራሷ መጥታ ብትቆምልኝ ነው የሚያምረው። ሩቅ ናት?»

«ዲላ ናት።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

ሰውየው «አይጥ አይደለም የበላው» አለ።

«እሱንስ አውቄያለሁ» አለችና ስልኩን አቀበለችው። «ይደውሉላት።»

ወገኖቼ፣ መደወል ቀላል ይመስላችኋል? ምላጭ ማንሳት ይቀላል! ደወለ። አነሳችው። ማን ልበል አላለችም። «አቤት፣ እማዬ» አለች፤ የእናቷ ስልክ ነዋ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ስልኩን አልዘጋችበትም። እሱም ዕድሉ ሳያመልጠው ሁሉንም ነገራት። ፎቶውን እንዴት እንዳወረደው፣ እንዴት እንደቆረጠው፣ መልሶ እንደሰቀለው። «አይተሽው ከምታፍሪብኝ ብዬ በድብቅ ላስጠግነው ነበር። አልሆነልኝም፣ ልጄ። እሑድን አትጠብቂ፤ ነይልኝ።»

ያን ዕለት ባገኘችው የመጀመሪያ ታክሲ መጣች።

ፎቶ ቤት ገባች። ቀዳዳውን አየችው። እናንተ ሆናችሁ አስቡት፤ የአባታችሁ እጅ በምላጭ ቆርጦ ያወጣውን የራሳችሁን ቅርጽ ስታዩት! አለቀሰች። ከዚያ እጇን አየች፣ ትከሻው ላይ የቀረችውን ትንሿን። «አባዬ፣ ይቺን እንኳ ተውክልኝ?» አለችው።

ማምለጫ በር ተከፈተለት፣ አያችሁ? «አዎ ልጄ፣ ስለምወድሽ ተውኩልሽ» ቢል ማን ያውቅበታል? ይህ ሰው ግን በዚያ ቀን ውሸት ሰልችቶት ነበር። «አልተውኩልሽም። መኖሯንም አላየሁም። መቁረጥ አቅቶኝ ነው የቀረችው» አላት።

ስንዱ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እንኳንም አቃተህ!» አለችው።

እንኳንም አቃተህ! ይሄ የይቅርታ ቃል ነው። 

ትርሲት ካሜራዋን አስተካክላ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አቆመች። «እህቴ፣ እጅሽን መደገፊያው ላይ አድርጊ። ከፍታው ከጋሼ ትከሻ ጋር ይገጥማል።»

አባት ወንበሩን አየ። «ባዶ ወንበር ምን ያደርጋል? እኔ እያለሁ!» አለና ሄዶ ተቀመጠ። ስንዱ ከጎኑ ቆመች። እጇን አነሳች፣ ትንሽ አየር ላይ አቆየችው፣ ከዚያ ትከሻው ላይ አሳረፈችው። ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደስ ብሎት አለቀሰ! ትርሲትም እነሱ እስኪረጋጉ ካሜራዋን ይዛ ጠበቀች።

አሁን በደንብ ስሙኝ። አዲሷን ስንዱን ከላይ አልለጠፈቻትም። የድሮውን ፎቶ ከላይ አደረገችው፣ ስንዱን በቀዳዳው ልክ አሳንሳ ከሥር አነጠፈቻት። ታዲያ ስንዱ በምን በኩል ታየች? በቀዳዳው! አባቷ ሊያስወጣት በቆረጠው በዚያው በኩል ገባች። ክንዷ ከትንሿ እጅ ጋር ገጠመ። በፎቶው ላይ እሱ ገና ጎልማሳ ነው፣ እሷ የልጆች እናት። «አባዬ፣ እኩያሞች ሆንን እኮ!» አለች፤ ትርሲትም ሥራዋን ትታ እልልታዋን አቀለጠችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ የእርቅ ንግግራቸውን አዘጋጅተው። «ስንዱን ከቤቷ አጣናት፣ ምን እናድርግ» እያሉ ተጨንቀው በሩን አንኳኩ። ማን ከፈተላቸው? ስንዱ! ማማሰያ በእጇ ይዛ!

ትልቁ ሽማግሌ ተቆጡ። «ምን ማለት ነው? እኛ እኮ ልናስታርቅ ነው የመጣነው!»

አባት ከሳሎን ጮኸ። «ዘገያችሁ! ግቡና ብሉ!»

አሁን አሜን በሉ።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔርንም እንዲሁ አድርገነዋል። ከኑሯችን ቆርጠን አውጥተነዋል። ከንግዳችን ቆረጥነው፣ ከትዳራችን ቆረጥነው፣ ከምላሳችን ቆረጥነው። ከትከሻችን ላይ ግን እጁን ማንሳት አልቻልንም። በስካራችን ጊዜ ነበረ። በውሸታችን ጊዜ ነበረ። ስንክደው ነበረ። እንኳንም አቃተን! እሱ የገባው በወጋነው በኩል ነው፤ ጎኑን ወጋነው፣ በዚያው ምሕረት ፈሰሰ። የሞት ምላጭ ደነዘ፣ ወገኖቼ! ደነዘ!

ታዲያ እናንተስ ማንን ቆርጣችኋል? እህታችሁን? ምራታችሁን? አብሯችሁ ይነግድ የነበረውን ወንድም? ፊቱን ሳታዩ፣ ድምፁን ሳትሰሙ፣ በጸሎት ብቻ ለጥፋችሁት ልትሄዱ ታስባላችሁ። «በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ» ትላላችሁ። በልባችሁ! እሱ ልባችሁ ውስጥ አይኖርም፤ ዲላ ነው የሚኖረው፣ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፣ ከእናንተ አጥር ማዶ ነው የሚኖረው።

መዘምራን፣ ተቀመጡ። ገና አንዘምርም። እናንተም ዓይናችሁን አትጨፍኑ፣ ዛሬ የምትጨፍኑበት ቀን አይደለም። በሩ ክፍት ነው። ውጡና ደውሉ። ካላነሳ ደግማችሁ ደውሉ። ቁጥሩን ያጠፋችሁ ከዘመድ ጠይቁ። የናንተን ስልክ ካላነሳ የእኔ ይኸው፣ ሂሳብ አለው። እኛ እስክትመለሱ እንጠብቃችኋለን።