የአቶ ድልነሳው ጉርሻ

አንድ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ምላሱም እንደ ወስፌው የሾለ። ለፋሲካ ባለጸጋው አቶ ድልነሳው የሰፈሩን ሰው ጥብስ አበላለሁ ብለው ጠሩና፣ ካሜራ አስደግነው በየተራ አጎረሱት። ጫማ ሰፊው ተራው ሲደርስ ጣታቸውን ነከሰ። ጩኸታቸው የተቀረጸበት ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ አገር አዳረሰ። ትንሿ ልጁም «የጣት በሊታው ልጅ» እየተባለች ከትምህርት ቤት በእንባ ትመለስ ጀመር።

የሳምንቱን አስቂኝ ወሬ የምታቀርበው የሬዲዮ ጋዜጠኛ እስከዳር ሁለቱንም ጋበዘቻቸው።

«እነሆ፣ ነካሽና ተነካሽ አብረው መጥተዋል» አለች እየሳቀች።

ጫማ ሰፊው ግን አልሳቀም፤ ልጁ ቤት ሆና እየሰማችው ነው።

አቶ ድልነሳው አድማጭ የሚያያቸው ይመስል በፋሻ የተጠቀለለ ጣታቸውን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጉ። «እንግዲህ ለሕዝቡ ተናዘዝ። የነከስከኝ ስለራበህ ነው ወይስ ስለጠላኸኝ?»

ራበኝ ቢል ሆዳም፣ ጠላሁዎት ቢል ውለታ ቢስ ሊባል ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔስ ስላመንኩዎት ነው» አለ። «ሥጋ ነው ብለው አጎረሱኝ፤ እኔም ሥጋውን ፍለጋ ነከስኩ። ከጉርሻው ውስጥ ያገኘሁት ሥጋ የእርስዎ ጣት ብቻ ነበር።»

እስከዳር ሳቋን በዘፈን ሸፈነች። በማግስቱ ልጅቷ እየሳቀች ከትምህርት ቤት ተመለሰች። በቀጣዩ በዓልም አቶ ድልነሳው ያጎረሱት ሰው ሁሉ ደህና አድርጎ ሲያኝክ ታየ።