አራት እጥፍ ደመወዝ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ወንበር ሳይነሳ የመንግሥት ደመወዝ የበላ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረ። ስለ ደመወዙ ሲጠይቁት፣ «ለኑሮዬ አይበቃኝም፤ ለቀብሬ ግን ዕድር አለ» ይል ነበር።

አንድ እሑድ ሰርግ ቤት ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ በመንግሥት ሠራተኛ መሳቅ የሚወዱት የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት አቶ ሰይፈሚካኤል መጥተው ፊቱ ቆሙ። ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አንተ ሰው፣ ጡረታ ጡረታ እያልክ አረጀህ እኮ! ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ግባ፤ አሁን የምታገኘውን አራት እጥፍ እከፍልሃለሁ። እምቢ ካልክ ግን ምክንያትህን እዚሁ ሰው ፊት ትናገራለህ» አሉት።

እንግዳው ሁሉ መብላቱን ትቶ ዞረ። ሚስቱ «እሺ በል እንጂ!» ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ሰውየው ሦስት ጊዜ ሶሉን ያስቀየረውን ጫማውን አየና ለአፍታ ልቡ ዋለለ። ከዚያ ግን ራሱን አስታወሰ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ጋ ሥራ የማይሠራ ሰው ቢገኝ ምን ያደርጉታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ይሄም ይጠየቃል? ዕለቱን ነው የማባርረው!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«አዩ፣ መንግሥት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ያላወቀብኝን እርስዎ በአንድ ቀን ሊያውቁብኝ ነው» አለ ሰውየው። «ለጡረታዬ የቀረኝ ስምንት ወር ነው፤ እባክዎ እስከዚያ ለመንግሥት አይንገሩብኝ።»